ለዘመመ መዝጊያ የዘመመ ግድግዳ

ሰፈሩ በሙሉ ውሃልክ ነው የሚለው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው። ሰው ቤት ሲገባ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ካየ፣ ገና ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ይሸጉጣል፤ "እንደምን ናችሁ" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኞቹ ለመሳቅ ብለው የግድግዳ መስታወት አጣመው ሰቅለው ይጠብቁታል። አንድም ቀን አሳፍሯቸው አያውቅም።

ሙያው አናጺነት ነው፤ ያውም የልሙጥ ሥራ አናጺ። ልሙጥ በር፣ ልሙጥ መስኮት፣ ልሙጥ ቁምሳጥን። አባቱ ግን ቀራጺ ነበሩ። በመሮ እንጨት ላይ ሐረግ ያስኬዳሉ፤ ሐረጉ ላይ ወፍ ያሳርፋሉ። ልጁ መሮ ለመጨበጥ በደረሰበት ዓመት መንግሥት የቅርጽ ሥራን በፈቃድ አደረገው። ፈቃድ ያገኘ የሚቀርጸው የመንግሥትን ዓርማ ብቻ ነው፤ ያላገኘ መሮውን ያስረክባል። አባትየው ዓርማውን አንድ ጊዜ ሞከሩትና "ለዚህ እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ማኅተም ይበቃው የለም እንዴ" ብለው መሮዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወስደው አስረከቡ።

ያን ሰሞን የገዛ ቤታቸውን መዝጊያ እየቀረጹ ነበር። በማጠፊያው በኩል ከታች የተነሣው ሐረግ ላይኛው ጥግ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። የመጨረሻው ቅጠል ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ እንጨቱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ወንበር ጠገኑ፣ የአልጋ እግር ቀየሩ፣ በዚያ በር ወጡ ገቡ። ስለ ቅጠሉ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው አንድም ቀን ሳያነሡ ሞቱ። ልጃቸውም ልሙጡን ይዞ ቀጠለ። ልሙጥ ሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ውሃልክ የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ስሙ ረጅም ነው፤ ሰው አሳጥሮ "ጥበቃ" ይለዋል። የተቀረጹ አሮጌ በሮች የሕዝብ ሀብት ናቸው ተብሎ ታውጇል። የሕዝብ ሀብት ደግሞ ሕዝቡ ቤት አይቀመጥም። ስለዚህ ጥበቃ መኪና ይዞ ይመጣል፣ የተቀረጸውን ከነመቃኑ ይነቅላል፣ በምትኩ ልሙጥ በር ይገጥማል፣ ይሄዳል። የተነቀለው መጋዘን ይገባል። ሙዚየም ይከፈትለታል ሲባል ሰነበተ፤ መጋዘኑ ግን ባገባ ቁጥር ያስወጣ ነበር፣ የሚወጣውም ኮረብታው ላይ ወደተሠሩት አዳዲስ ቪላዎች ነው። "ጥበቃ የጎበኘው ቤት ሌባ አያሰጋውም" ይባባላል ሰፈሩ፤ "ምን ሊወስድ!"

ነቃዩም ገጣሚውም ውሃልክ ነበር። ምን ትሠራለህ ሲሉት "ልሙጥ በር እገጥማለሁ" ይላል፤ ስለ ነቀላው ካልጠየቁት አያነሣም። ከጠየቁትም መልስ አለው። ሌሎቹ ነቃዮች በዲጂኖ ፈንቅለው፣ እንጨቱን ሰንጥቀው፣ ግድግዳውን ይዘውት ይወርዳሉ። እሱ የዛገውን ብሎን ናፍጣ አጠጥቶ፣ ጠብቆ፣ በካቻቢቴ ነው የሚፈታው። መነቀሉ ካልቀረ በደንብ ይነቀል ባይ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ማታ ማታ ደህና ይተኛ ነበር።

ምን እንደሚነቀል የምትወስነው መሐንዲሷ ናት። ቀጭን፣ ዘወትር ያንኑ ግራጫ ሹራብ የምትለብስ፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያስላት ሴት። ሥራዋ በሩ ለአዲስ ግንብ ይሆን እንደሆነ ማየት ነው። የድሮው ሰፈር ቤቶች መሠረታቸው ሰምጦ ግድግዳቸው ወደ አንድ ጎን ዘሟል፤ በሮቻቸውም አብረው ዘመዋል። መሐንዲሷ የጥግ መለኪያ ስኳድራዋን ከበሩ ጥግ ታስደግፋለች፤ ከዘመመ "አይመጥንም" ትልና ወደሚቀጥለው ቤት ታልፋለች። ከድሮው ሰፈር ግማሹ በሩን ይዞ የቀረው በዚያች ቃል ነው።

ውሃልክ መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ እንደሱ ጠማማ ነገር የማትወድ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ግን ምንም ያልዘመመ በር ላይ ስኳድራዋን ሸርተት አድርጋ ስታስደግፍ አያት።

"አይመጥንም" አለች።

እሱ አይቶ ዝም አለ። እሷም ማየቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ውስጥ ሲገናኙ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅለታለች።

የእናቱ በር ከምር የዘመመ ነበር። ያ ቤት ገና ድሮ ነው የሰመጠው፤ አባትየው መቃኑንም መዝጊያውንም ሲሠሩ በዘመመው ግድግዳ ልክ ነው ያወጡት። መሐንዲሷ ለእሱ ስኳድራ እንኳ አላወጣችም። ከመኪናው ሳትወርድ "አይመጥንም" ብላ አለፈችው።

ነገሩ የተበላሸው በጎማ ነው። የምክትሉ ሚስት በዚያ ጠባብ መንገድ ስታልፍ የመኪናዋ ጎማ ተነፈሰ። ምክትል ማለት የጥበቃ የበላይ ምክትል ነው፤ ሚስቱን ሠራተኛው ሁሉ እመቤቲቱ ይላታል። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር ጥላ ፈልጋ ቆመች፤ የቆመችው የውሃልክ እናት በር ላይ ነው። ሐረጉን ከታች ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ወደ ላይ ወጣች። በማግስቱ ትእዛዙ መጣ። መሐንዲሷ "አይመጥንም ብዬ ነበር" አለች። "መጥኚው" አሏት።

ውሃልክ ያን ቀን ከሥራ ወጥቶ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያለቀ የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጡ ይሰፋሉ።

"እማዬ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

"ምን አዲስ ነገር አለ፣ በየቀኑ ትመጣ የለም እንዴ?"

"በመኪናው ነው የምመጣው።"

መርፌው ቆመ። እናቱ በሩን አላዩትም፤ እሱን ነው ያዩት።

"ዘሟል ብላ ትታው አልነበር ያቺ የምትስለዋ?"

"ከበላይ ታዘዘ።"

"ሌላ ሰው አይልኩም?"

"ይልካሉ። በዲጂኖ ነው የሚያወርዱት።"

"እንግዲያው አንተው ና።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ግን ስማ። እንዳይቆረጥ። ያለፈው ጊዜ የሥጋ ነጋዴዋን መዝጊያ ለመስኮት አድርገው ቆርጠውት አይደል? ወይ እንዳለ ይውሰዱት፣ ወይ አሁኑኑ በመጥረቢያ ፍለጥልኝና ልሙቅበት። አባትህ የጀመሩትን በመጋዝ የሚጨርስላቸው ሰው አልፈልግም።"

"እሺ።"

"እሺማ ሁልጊዜም ትላለህ። ቃልህን ስጠኝ።"

"አይቆረጥም እማዬ። ቃሌ ነው።"

"አንተ እያለህ?"

"እኔ እያለሁ።"

በማግስቱ ከሚስቱ ወንድም ጋር መጣ። የሚስቱ ወንድም የጥበቃ ግንበኛ ነው፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ወሬ የሚወድ፣ ጋሼ እያለ የሚከተለው ሰው። መዝጊያውን ከማጠፊያው አውጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪና ላይ አስተኙት። ቀጥሎ መቃኑን ከግድግዳው አላቀው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ዘረጉት። መቃን ከግድግዳ ሲወጣ መጋጠሚያው ይላላል፤ መንገድ ላይ እንዳይወላልቅ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ሞራሌ በሰያፍ ይመታበታል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ሚስማሩን አፉ ውስጥ ይዞ ሲያጎነብስ እናቱ በባዶው የበር አፍ ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው አልጋቸው፣ ጫማቸው፣ የተንጠለጠለው ሻሻቸው ሁሉ ከመንገድ ይታያል፤ ሠፈርተኛ እያለፈ ዓይኑን ይሰብራል። ውሃልክ የሚያየው ያን ነው። እጁ ግን የለመደውን ቀጠለ። ስኳድራውን ከኪሱ አወጣ፣ ጥጉ ላይ አስደገፈ፣ መቃኑን በጉልበቱ ገፋ አደረገው። አሮጌው መጋጠሚያ ሲጥ አለ። ሚስማሩን መታ። ግንበኛው አጠገቡ ነበር፤ እሱም ምንም አልታየውም። ቀጥ ያለ መቃን አይቶ የሚደነግጥ ሠራተኛ የለም።

ከዚያ ልሙጡን በር ገጠመላቸው። ግድግዳው ዘመም ስላለ በላይ በኩል ሽብልቅ እየከተተ ማስተካከል ነበረበት። እናቱ ከውጭ ሆነው በጣታቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት።

"የሣጥን ድምፅ ነው ያለው" አሉ። "ሰው ሲያንኳኳ እቃ የመጣልኝ ይመስለኛል።"

የምክትሉ ቪላ ገና ቀለሙ አልደረቀም። መቃኑ ቀድሞ ሄዶ በሳሎኑ መግቢያ ተተከለ። ግንበኛው ቱንቢውን ጥሎ፣ ሲሚንቶውን ሞልቶ፣ ልስኑን ለስኖ፣ ዙሪያውን በነጭ ድንጋይ አሳምሮ ጨረሰው። መዝጊያው መጋዘን ውስጥ ሲጸዳና ቫርኒሽ ሲቀባ ቆይቶ ተከትሎ መጣ። ተሸክመው ማጠፊያው ላይ ሲያስቀምጡት በላይ በኩል መቃኑን ገጨው፤ በታች በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ደግመው አነሡት። ያው ነው።

ውሃልክ ስኳድራውን መቃኑ ጥግ ላይ አስደገፈ። ስኳድራውና እንጨቱ ተጣበቁ፤ ብርሃን እንኳ አያሳልፉም። ስኳድራውን ቀስ ብሎ አነሣው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ ነው አንተ?" አለ ግንበኛው።

"መቃኑን ያቃናሁት። እናቴ ደጃፍ። ዘሞ ነው የነበረው።"

"ታዲያ አሁን ማቃናትም ጥፋት ሆነ?" ግንበኛው ወደ ልስኑ፣ ወደ ነጩ ድንጋይ አየ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ይሄን ስሠራ ወገቤ ተላቋል።"

የቤቱ አዛዥ መጣ። የእሱ ጭንቀት ሌላ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ እንግዶች አሉ። መዝጊያውን አየ፣ ክፍተቱን አየ፣ "በመጋዝ ነካ አድርጉትና ጨርሱ" ብሎ ሄደ።

"ነካ" የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ውሃልክ በእርሳስ አሰመረው። ከታች በባዶ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ መስመር ነው፤ በማጠፊያው በኩል፣ ሐረጉ ላይ። ከወገብ በላይ ያለው ሐረግ በሙሉ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። በሌላው ጎን ቢቆረጥስ ብሎ ለካ፤ እዚያ ደግሞ የቁልፉ ቦታ ይሄዳል፣ መዝጊያው አይዘጋም።

መሐንዲሷ ስትመጣ ማንም ምንም አላስረዳትም። መስመሩን አየች፣ መቃኑን አየች፣ ሳሏን ጨርሳ "ና ወደ ውጭ" አለችው። በረንዳው ላይ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ ተቀመጠች።

"ቁረጠው" አለች።

"ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ፣ ኢንጂነር።"

"ሰምቻለሁ። ለሾፌሩ ያወራኸውን ነግሮኛል። ቁረጠው።"

"ግድግዳው ቢፈርስስ? መቃኑን ነቅለን እንደነበረው አዘምመን ብንተክለው መዝጊያው ይገጥማል።"

"ይገጥማል። እኔም እሱን ነው የምፈራው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዛሬ ከቆረጥከው ያስጠላቸዋል። ያን ሐረግ ግማሽ ሆኖ ሲያዩት፣ ይሄ የዘመመ ነገር ሁለተኛ አይምጣብን ይላሉ። እኔም 'አይመጥንም' እያልኩ እቀጥላለሁ። ግድግዳውን ካፈረስክላቸው ግን ከዛሬ ወዲያ የማይመጥን በር የለም። ምንም ብዬ ማለፍ አልችልም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"ሰፈርህ ነው። ማን ማን በሩን እንደያዘ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።"

ያውቀዋል። የመንገዱን ግራና ቀኝ በሐሳቡ ሄደበት። የጡረተኛው መምህር ባለ ዓሣ በር አለ። የሁለቱ እህትማማቾች አለ፤ ባለ ፀሐዩ። ጥጉ ላይ ያለው ባለ ሱቅ፣ በሩን በጋዜጣ ሸፍኖ የደበቀ የሚመስለው። ሁሉም ዘመዋል። ሁሉም እስካሁን ቆመዋል።

ተመልሶ ገባ። መዝጊያውን ሁለት የእንጨት ፈረሶች ላይ አስተኝቶ መጋዙን አነሣ። ጥርሱን መስመሩ ላይ አስቀመጠ። አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ሳበ፤ ቫርኒሹ ጫር ብሎ ነጭ ጭረት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ክንዱ አልሄደለትም። ጀግንነት አልነበረም፤ ክርክርም አላደረገም። ደክሞት ነበር፤ ማታ እናቱ ቤት ገብቶ ተቆረጠ የሚልበት አፍም አልነበረውም። መጋዙን ግድግዳ አስደግፎ ቆመ።

እመቤቲቱ የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ መጋረጃ የሚለካ ሰው አስከትላ።

"ምን ያስጠብቃችኋል? ቁረጡ አልተባለም?"

"ተብሏል እመቤት" አለ ውሃልክ። መሐንዲሷ ከበረንዳው ገብታ በሩ ጋ ቆማለች፤ ወደ እሷ ግን አልተመለከተም። "ቢቆረጥ ይገጥማል። ግን ከዚያ በኋላ አሮጌ በር አይባልም።"

"እንዴት ሆኖ?"

"የድሮ ባለሙያ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ዘመም አድርጎ። ዋጋውም እሱ ነው። ቀጥ ያለውንማ ማንም ፋብሪካ ያወጣዋል። የሚያውቅ እንግዳ ከመጣ ተቆርጧል ብሎ ይስቃል።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸው። የድሮ ባለሙያ ያዘመመው ግድግዳው ስለሰመጠበት ነው እንጂ ወዶ አይደለም። እመቤቲቱ መዝጊያውን ዞራ አየችው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ግድግዳውን ከበሩ ጋር እናዘመዋለን።"

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። ደስ ያላት ሳቅ ነው። "አዝምሙታ!" አለችና መጋረጃ ለካዪን ይዛ ወጣች። ውሃልክ ዞር ሲል መሐንዲሷ ወለሉን ታያለች። ሹራቧን ቆልፋ ሄደች።

ግንበኛው ነጩን ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ልስኑን እያራገፈ ሲሳደብ ዋለ። መቃኑ ወጣ፣ ውሃልክ ቀጥ ያደረገውን መጋጠሚያ ፈታ፣ መዝጊያውን ውስጡ አስገብቶ እንደ ጥንቱ እስኪዘም ገፋው። ሁለቱንም አንድ ላይ አቁመው በእነሱ ልክ መገንባት ተጀመረ።

"ጋሼ፣ ቱንቢውን ምን ላድርገው?"

"ኪስህ ክተተው።"

"እጄ እምቢ ይለኛል እኮ።"

"ዓይንህን ጨፍን።"

"ጨፍኜማ ጭራሽ ቀጥ ይላል! ጠጥቼ ስገነባ ራሱ ቀጥ ነው የሚልልኝ።" አንድ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ራቅ ብሎ አየው፣ ፊቱን አኮሳተረ። "ይሄን ሰው አይቶ እገሌ ነው የገነባው ቢል ልጆቼን ማን ያገባልኛል?"

"ዝም ብለህ ከእንጨቱ ጋር ሂድ።"

"ከእንጨቱ ጋር መሄድ! አስተማሪዬ ቢሰማ አካፋውን ይቀማኝ ነበር።"

ሥራው አለቀ። መዝጊያው ገብቶ ሲዘጋ ቀጭ አለ፤ እናቱ ቤት ሲዘጋ የነበረው ድምፅ ነው። ሐረጉ እስከዚያች ግማሽ ቅጠል ድረስ ሙሉ ነበር። የጫረውን ቫርኒሽ በጣቱ ቀብቶ አጠፋው።

ማታውኑ ለእናቱ ነገራቸው።

"ገጠመ?"

"ገጠመ።"

"እንዳለ?"

"እንዳለ። ቅንጣት አልጎደለም።"

"ፀሐይ ይመታዋል? ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል።"

"ሳሎን ውስጥ ነው እማዬ።"

"ደግ አደረግህ።" ያን ቀን እናቱ ደህና በሉ፤ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ሲወጣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

እንግዶቹ መጡ። እመቤቲቱ በሩን እየከፈተችና እየዘጋች፣ ዝመቱን እያሳየች፣ ስለ ድሮ ባለሙያ ከውሃልክ የሰማችውን ነገረቻቸው። ከእንግዶቹ አንዷ እኔም እንዲህ ያለ ያስፈልገኛል አለች። ሌላዋም። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በፊት ያልተነቀሉት በሮች ሁሉ እንደገና ይታዩ የሚል መመሪያ አወጣ፤ የዘመመው ይቅደም ተባለ። ውሃልክና ግንበኛው ለዚሁ ሥራ ተመደቡ፤ ጠዋት ይነቅላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ እያፈረሱ ያዘማሉ። ግንበኛው ቱንቢውን ቤቱ ትቶት መምጣት ጀመረ። ውሃልክም መቃን ሲያስር እንደዘመመ ያስረዋል፤ እጁ ለምዷል።

መሐንዲሷ ስኳድራዋን መኪና ውስጥ ትታ ትወርዳለች። በየደጃፉ ቆማ "ይነቀል" ትላለች፤ ሌላ የምትለው የላትም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ውሃልክ ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ተወው። አልተቀየምኩህም።" መስኮቱን ታያለች። "የኔ እናት ብትሆን ምን እንደማደርግ አስቤ ነበር። እንጃ። አላወቅኩም።"

እናቱ ነገሩን የሰሙት ከሁለቱ እህትማማቾች ነው፤ ባለ ፀሐዩ በር የተነቀለ ዕለት። ማንም አልከሰሳቸውም። እህትማማቾቹ መጥተው እንደ ወትሮው ተቀመጡ፣ እንደ ወትሮው አሙ፣ ሄዱ። ውሃልክ ሲመጣ እናቱ ኮሌታም አልያዙም፣ እጃቸው ባዶ ነው።

"የኛ እንዳይቆረጥ ብለህ ነው?" አሉት።

"አዎ።"

"ሌላው እንደሚከተል ታውቅ ነበር?"

"መሐንዲሷ ነግራኝ ነበር።"

ተነሥተው ራቱን አቀረቡ። "ቃል ያስገባሁህ እኔ ነኝ" አሉ፤ "ምን እልሃለሁ። ራትህን ብላ።" በላ። ስለ መዝጊያው ከዚያ ወዲያ አልጠየቁትም።

የመምህሩ ተራ በማግስቱ ነበር። መምህሩ ውሃልክን ልጅ ሳለ ሒሳብ ያስተማሩት ናቸው፤ አሁን ብቻቸውን በአንድ ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። መኪናው ሲቆም በሩን ከፍተው፣ ወንበር አውጥተው፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮታቸውን አውርደው ጠበቁት።

"እንደምን አደሩ መምህር።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጀምር፣ ጀምር፤ እኔን አትጠብቅ።"

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። መምህሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉት፤ መሬት ላይ ቢወድቁ ይጠፋሉ ብለው። ዓሣዎቹ የተቀረጹበት መዝጊያ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። መምህሩ መኪናው ላይ ሲጫን አላዩም፤ የሚያዩት ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ነበር።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ" አሉ። "ይሄ የምትገጥመው ወደ ውጭ የሚከፈት ማድረግ ይቻላል? ያኛው ወደ ውስጥ ስለነበር አልጋዬን ይመታው ነበር። ለስንት ዓመት በጎን እየሾለክሁ ነው የምገባው።"

"ይቻላል መምህር።"

"ሥራ ካላበዛብህ ነው።"

"ኧረ ምንም አይደል።"

ማጠፊያዎቹን ፈቶ ወደ ውጭ አዞራቸው፣ ለመቆለፊያው አዲስ ቀዳዳ በሳ፣ የልሙጡን በር ጠርዝ በመላጊያ ትንሽ ላገው። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። በሩ መንገዱ ላይ ወለል ብሎ ቆመ። መምህሩ ገብተው ወጡ፤ ደግመው ገቡ።

"አሁንማ አልጋውን ወደዚህ ማስጠጋት ይቻላል" አሉ ከውስጥ። "መስኮቱ ጋ ቦታ ይለቀቅልኛል።"

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ውሃልክ መላጊያውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ግንበኛውን በዓይኑ ጠራው፤ አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ሆነው አልጋውን አነሡ።

"ቀስ" አሉ መምህሩ፤ "አንዱ እግሩ ላልቷል።"